ኤልኤክስኪውቲ በልደታ፦ ብዙ ሰው የማያውቀው የሊኑክስ ዴስክቶፕ በአንድ ጽሕፈት ሱቅ ሲፈተን

አክስቴ በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አቤቱታ፣ ማመልከቻና ውል የሚተየብባት ጠባብ የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ አላቸው። በሱቋ ሁለት ኮምፒውተሮች፣ አንድ ፎቶኮፒ ማሽንና አንድ ትንሽ ሌዘር ፕሪንተር ይሠራሉ። ከኮምፒውተሮቹ አንዱ ባለ ሳጥን ዴስክቶፕ ሲሆን ሌላው አገልግሎት ከሰጠ በኋላ የተገዛ ላፕቶፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተሠራ፣ ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና 320 ጊጋባይት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው። ይህ ጽሑፍ ያንን ላፕቶፕ ኤልኤክስኪውቲ በተባለ የሊኑክስ ዴስክቶፕ ከባቢ ላይ አድርገን ከመስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ የሱቁን የዕለት ሥራ ስንሠራበት ያየነውን ይመዘግባል። ዴስክቶፕ ከባቢ ስል ከሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ ከሚጫነው ነፃ ሥርዓተ ክወና) በላይ ተቀምጦ ተጠቃሚው በዓይኑ የሚያየውን ሁሉ፣ ማለትም ፓነሉን፣ ሜኑውን፣ የፋይል ማሳያውንና የማስተካከያ መስኮቶቹን የሚያቀርበውን የፕሮግራሞች ስብስብ ማለቴ ነው።

ወደ ለውጡ የገፋን ምክንያት በወረቀት ላይ አንድ፣ በሱቁ ውስጥ ግን ሌላ ነበር። በወረቀት ላይ ያለው የታወቀ ነው፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ይህን ላፕቶፕ በይፋ አይቀበለውም። አክስቴን ያስጨነቃቸው ግን ይህ አልነበረም። እርሳቸውን ያስመረራቸው ደንበኞች ይዘውት የሚመጡት ፍላሽ ነው። አንድ ሰው ፍላሹን በሰካ ቁጥር ፋይሎቹ ጠፍተው በቦታቸው «ሾርትከት» ብቻ ይታያል፤ ቫይረሱ ከላፕቶፑ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ፍላሽ ይሻገራል፤ ደንበኛውም «ከእናንተ ነው የያዘኝ» ብሎ ይመለሳል። በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ፎርማት ማድረግ የሱቁ ልማድ ሆኖ ነበር። አክስቴ ሐሳቤን ሲሰሙ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ ስሙ ምንም ይሁን፤ ደንበኛ ፊት እንዳታዋርደኝ እንጂ።»

ጊዜውን የመረጥነው አስበንበት ነው። ፍርድ ቤቶች በክረምት ዕረፍት ላይ በሚሆኑበት ወቅት የሱቁ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ጥቅምት ሲገባ ግን ሰልፍ ነው። ስለዚህ ማሽኑን ለመትከልና ለማበላሸት፣ ካበላሸሁም ለመመለስ፣ አሥር ቀን ገደማ ነበረኝ።

ለምን ኤልኤክስኪውቲ

ሊኑክስን የሞከረ ሰው በአብዛኛው የሚያውቀው ግኖምን ወይም ኬዲኢ ፕላዝማን ነው። ቀለል ያለ የፈለገም ኤክስኤፍሲኢን ይጠራል። ኤልኤክስኪውቲ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚነሣ ስም ነው። አነሣሡ እንዲህ ነው፤ ሆንግ ጄን ዪ የተባለ የታይዋን ሰው እ.ኤ.አ. በ2006 ኤልኤክስዲኢ የተባለ ቀላል ዴስክቶፕ ጀመረ። ያ ዴስክቶፕ የተሠራበት ጂቲኬ 2 የተባለው መሣሪያ ሲያረጅ ወደ ጂቲኬ 3 ከመሻገር ይልቅ ሥራውን ኪውት ወደተባለው መሣሪያ አዞረ፤ በ2013ም ሬዘር ኪውቲ ከተባለ ሌላ ተመሳሳይ ጥረት ጋር ተዋሐዱ። የመጀመሪያው የጋራ እትም በ2014 ወጣ፤ ሉቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት (ሙሉ ሥርዓቱን ከነዴስክቶፑ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ጥቅል) እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ይህንኑ መደበኛ ዴስክቶፑ አደረገው፤ 1.0 የሚለውን ቁጥር ያገኘው በ2021 ነው፤ በ2024 የወጣው 2.0 ደግሞ ወደ ኪውት 6 ተሻገረ። እኛ የተጠቀምነው 2.1 ነው፤ ምክንያቱም ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ደቢያን 13 የተባለው ስርጭት ይዞት የመጣው እርሱን ነው።

ምርጫዬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስረዳ ብል፣ ኤልኤክስኪውቲ የጥንቱን የዊንዶውስ አቀማመጥ ይዞ (ከታች ፓነል፣ ከግራ ሜኑ፣ ከቀኝ ሰዓት) ተጠቃሚውን አዲስ ነገር የማያስተምር በመሆኑ ነው። የሱቁ ታይፒስት ስድስት ዓመት ሙሉ እጇ የለመደው ይህንኑ ነው። ብዙዎች እንደ መጀመሪያ ምክንያት የሚያነሡትን የራም ቁጠባ እኔ ሁለተኛ አድርጌዋለሁ። በዚሁ ላፕቶፕ ላይ የደቢያንን የቀጥታ ፍላሾች (ሳይጫኑ ከፍላሽ ላይ የሚነሡትን) አንድ በአንድ አስነሥቼ ስለካ፣ ግኖም ምንም ሳይከፈት ከአንድ ጊጋባይት በላይ ሲይዝ ኤልኤክስኪውቲ ግማሽ ጊጋባይት አካባቢ ነበር። ልዩነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ፋየርፎክስ የተባለው የድር አሳሽ ተከፍቶ የቴሌግራም ድር ገጽና ሁለት ኢሜይል ሲጫኑበት ልዩነቱን ብቻውን ይውጠዋል። ቀላል ዴስክቶፕ አሮጌ ኮምፒውተርን አዲስ ያደርጋል የሚለው ወሬ ከአሳሽ በፊት በነበረ ዘመን የተወለደ ይመስለኛል።

ይህን ግምቴን ለመፈተን ሆን ብዬ አንድ ነገር አዘገየሁ፤ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ወዲያው አልቀየርኩትም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በነበረው ዲስክ ሠራን፤ ጥቅምት 11 ቀን ብቻ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) አስገባሁ። ሁለቱን ለውጦች በአንድ ቀን ያደረገ ሰው ምስጋናውን ለየትኛው እንደሚሰጥ አያውቅም። በሃርድ ዲስኩ ከማብሪያው ቁልፍ እስከ ሥራ ዝግጁነት ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረው ነበር፤ ሊብሬኦፊስ (የዎርድን ቦታ የሚይዘው የጽሕፈት ፕሮግራም) ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈትም ደንበኛው ወንበር ስቦ ይቀመጣል። በኤስኤስዲው የመጀመሪያው ወደ ግማሽ ደቂቃ፣ ሁለተኛው ወደ ጥቂት ሰከንዶች ወረደ። ፍጥነቱን ያመጣው ዲስኩ ነው፤ ዴስክቶፑ ያደረገው ፍጥነቱን አለማባከን ነው።

አማርኛው በየት በኩል ይገባል

የሙከራው ዋና ጉዳይ እዚህ ላይ ነው፤ ከሦስቱ ወራት ድካሜ አብዛኛውን የወሰደውም ይኸው ነው።

የእኛ ፊደል ከ33 የፊደል ዘሮች በሰባት እየተባዛ ከ230 በላይ ምልክቶች ስላሉት አንድ ቁልፍ ለአንድ ምልክት ተሰጥቶ አይዳረስም። ስለዚህ ታይፒስቱ ተነባቢውን ይመታል፣ ቀጥሎ አናባቢውን ይመታል፣ በመካከል የተቀመጠ ፕሮግራም ሁለቱን ምቶች ወደ አንድ ፊደል ይለውጣል። በሊኑክስ ይህን የመካከል ሥራ የሚሠራው በአብዛኛው አይባስ የተባለው የግቤት አገልግሎት ነው። በግኖም አይባስ ከዴስክቶፑ ጋር የተሰፋ ነው፤ የቋንቋውን ምርጫ በዚያው በማስተካከያው መስኮት ታገኛለህ፣ አዶውም በፓነሉ ላይ ራሱ ይታያል። ኤልኤክስኪውቲ ግን የራሱ የሆነ የግቤት አገልግሎት የለውም። ለነገሩ የራሱ የሆነ የመስኮት አስተዳዳሪም የለውም፤ ኦፕንቦክስን ወይም ሌላ መርጠህ ትሰጠዋለህ። ነገሩ ከብዙ ነጠላ ዕቃዎች እንደ ተገጠመ ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ በየራሱ ደህና ነው፣ መገጣጠሚያውን የሚጠብቀው ግን ባለቤቱ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራሁት በዚህ መገጣጠሚያ ላይ ነው። በኤልኤክስኪውቲ የኪቦርድ ማስተካከያ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚል አቀማመጥ ስላየሁ ደስ ብሎኝ ጨመርኩት፤ ከዚያ ደግሞ በአይባስ ውስጥ ሴራ የተባለውን የላቲን ቁልፎችን ወደ ግዕዝ የሚመልስ ዘዴ ጨመርኩ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ይመስላሉ፤ አይደሉም። የመጀመሪያው በታችኛው የኤክስ መስኮት ሥርዓት የሚሠራ ሲሆን ለቁልፉ በቀጥታ የግዕዝ ምልክት ይሰጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ የላቲን ፊደል ይመጣልኛል ብሎ ይጠብቃል። የታችኛው ግዕዝ ከላከለት የላይኛው ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። ውጤቱ አንዳንድ ጠዋት የሚሠራ፣ አንዳንድ ጠዋት «አመልካች» ሲተየብ ትርጉም የሌለው የፊደል ዘለላ የሚያወጣ ማሽን ሆነ። ይባስ ብሎ የፓነሉ የኪቦርድ ጠቋሚ የሚያውቀው የታችኛውን ሥርዓት ብቻ ስለሆነ፣ አይባስ አማርኛ ላይ ሆኖም ጠቋሚው «እንግሊዝኛ» እያለ ያሳያል። ታይፒስቷ ጠቋሚውን ማመን ነበረባት፤ አመነች፤ ተሳሳተች።

መፍትሔው ሲገኝ አጭር ነበር። ከኤልኤክስኪውቲ ማስተካከያ ኢትዮጵያን አውጥቼ እንግሊዝኛን ብቻ ተውኩ፤ ቋንቋ የመለወጥ ሥልጣን ለአይባስ ብቻ ተሰጠ፤ የፓነሉን ጠቋሚ አንሥቼ የአይባስን አዶ በቦታው አስቀመጥኩ። ኪውት፣ ጂቲኬና ኤክስ ግቤታቸውን ከአይባስ እንዲወስዱ የሚነግሩትን ሦስት የከባቢ ተለዋዋጮች ደግሞ በኤልኤክስኪውቲ የሴሽን ማስተካከያ የላቀው ክፍል ውስጥ መጻፍ ይቻላል፤ ይህ ክፍል ከዴስክቶፑ የወደድኩት ነገር ነው፣ ምክንያቱም በሌሎች ዘንድ በድብቅ ፋይል ውስጥ የሚደረገውን በግልጽ ሰንጠረዥ አድርጎታል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ በፋይል ማሳያው ላይ የፋይል ስም በአማርኛ መስጠት ይቻላል፣ በፋየርፎክስ ላይ ግን አይቻልም፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ ይሆናል። እንዲህ ያለ ግማሽ ብልሽት ሙሉ ብልሽት ካለው ማሽን ይልቅ ያደክማል።

ሴራ በታይፒስቷ ጣት አልገባም። በዊንዶውስ ላይ የለመደችው የመተየቢያ ፕሮግራም ሠንና ኀን የሚያወጣበት የቁልፍ አመታት የተለየ ስለነበር፣ «ሥልጣን» እና «ኅዳር» በመጡ ቁጥር እጇ ይቆማል። የፍርድ ቤት ጽሑፍ ደግሞ በእነዚህ ቃላት የተሞላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ኪይማን የተባለውን በደቢያን ማከማቻ ያለ ፕሮግራም ጫንኩና የአማርኛ ኪቦርዱን ሰጠኋት፤ እርሱም በአይባስ በኩል ስለሚያልፍ ሌላው ዝግጅት አልተነካም። ከለመደችው ጋር ፍጹም አንድ ባይሆንም ይበልጥ የቀረበ ሆኖ አገኘችው። አንድ ገጽ አቤቱታ በፊት 12 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባት የነበረው በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 20 ወጣ፤ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ወደ ነበረበት ተመለሰ። በመካከሉ ባሉት ቀናት የቀነ ቀጠሮ ጥድፊያ ያለበት ደንበኛ ሲመጣ ዝም ብላ ወደ ባለ ሳጥኑ ኮምፒውተር ትሻገር ነበር። ልከለክላት አልሞከርኩም፤ የሰው ይግባኝ ጊዜ በእኔ ሙከራ ሊያልፍ አይገባም።

የቋንቋ መለወጫውን ኮንትሮልና ስፔስ አድርገነዋል። ይህ በሊብሬኦፊስ የሒሳብ ሰንጠረዥ ውስጥ አንድ ዓምድ የመምረጫ አቋራጭን ይነጥቃል፤ በሱቋ ግን ከኪራይ ደረሰኝ የዘለለ ሰንጠረዥ ስለማይሠራ ማንም አላስተዋለውም።

ፎንትና የቆዩ ሰነዶች

ደንበኞች በቴሌግራም የሚልኩት የዎርድ ፋይል በአብዛኛው ኒያላ በሚባለው የማይክሮሶፍት ፎንት የተጻፈ ነው። ይህ ፎንት በሊኑክስ ላይ የለም፤ ሊብሬኦፊስ ሌላ ይተካበታል፣ የተተካው ፎንት ስፋትና ቁመት ስለሚለይም ሦስት ገጽ የነበረው አቤቱታ አራተኛ ገጽ ላይ በፊርማው ብቻ ይፈስሳል። አቢሲኒካ ኤስአይኤልንና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ጭነን፣ በሊብሬኦፊስ የፎንት መተኪያ ሰንጠረዥ ውስጥ ኒያላ በመጣ ጊዜ የትኛው እንዲገባ ወስነን፣ የመስመር ክፍተቱን በእጅ በማስተካከል አብዛኛውን አስታረቅን። ለደንበኛ የሚመለሰው የመጨረሻ ሰነድ ሁልጊዜ ፒዲኤፍ እንዲሆን ደንብ አወጣን። እዚህ ላይ ዴስክቶፑ ተወቃሽም ተመስጋኝም አይደለም፤ ጉዳዩ የፎንት ነው፣ በግኖም ላይም ያው ይሆን ነበር።

ከባዱ የሱቁ የቆየ ማኅደር ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ኮድ በሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የአገራችን ጽሕፈት ቤቶች ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ በተሳለባቸው ፎንቶች ሲተይቡ ኖረዋል። እንዲህ ባለው ፋይል ውስጥ የተቀመጠው በእውነቱ የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደላትና የነጥቦች ውዥንብር ይሆናል። አክስቴ የ1990ዎቹንና የ2000ዎቹን (በእኛ አቆጣጠር) ውሎችና የውክልና ቅጾች እንደ አብነት ያስቀመጡት በእንዲህ ያለ ፎንት ነው። የፎንት ፈቃዱ ጉዳይ ግልጽ ስላልሆነልኝ ፎንቱን ወደ ላፕቶፑ መቅዳት አልፈለግሁም። ባለ ሳጥኑ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ተነቅሎ በዊንዶውስ እንዲቆይና ለእነዚህ ሰነዶች ብቻ እንዲያገለግል ተስማማን።

ማንም የማይጠብቃቸው መገጣጠሚያዎች

ፕሪንተሩ ከኮምፒውተር ጋር ሳይገናኝ የራሱን ፈርምዌር (ውስጡን የሚያሠራውን ፕሮግራም) የማይዝ ዓይነት ነው፤ በተከፈተ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ይቀበላል። በዊንዶውስ ላይ ድራይቨሩ ይህን በዝምታ ስለሚያደርገው ማንም አያውቀውም ነበር። በደቢያን ላይ ተገቢውን ድራይቨር ከጫንኩ በኋላ ጠዋት ሲከፈት በትክክል ሠራ። ችግሩ የመጣው መብራት ሲጠፋ ነው። ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ፕሪንተሩ ይሞታል፤ መብራት ሲመለስ ፕሪንተሩ ባዶ አእምሮ ይዞ ይነሣል፣ ኮምፒውተሩ ግን አዲስ ዕቃ እንደተሰካ ሁልጊዜ አይገነዘብም። ሥራው ወረፋ ላይ ይቆማል። ፕላዝማ ወይም ግኖም ቢሆን ቢያንስ ማተሚያው እንደቆመ የሚናገር መልእክት በማዕዘኑ ይመጣ ነበር፤ ኤልኤክስኪውቲ ግን የራሱ የፕሪንተር መሣሪያ ስለሌለው ከሌላ ቦታ የመጣ የማስተካከያ ፕሮግራም ከፍተህ ካላየህ ዝም ነው። መድኃኒቱን ያገኘችው ታይፒስቷ ናት፤ የዩኤስቢ ገመዱን ነቅላ ትመልሰዋለች። አሁን መብራት በተመለሰ ቁጥር ማንም ሳያዛት የምታደርገው ነው። እኔ በጽሑፍ ትእዛዝ አስተካክለዋለሁ ብዬ ሁለት ማታ ደክሜ የእርሷን መንገድ ተቀብያለሁ።

ስለ ኔትወርክ ብዙ የምለው የለም። የግኖሙን የኔትወርክ አዶ በፓነሉ ላይ አስቀመጥኩ፣ ሠራ።

የኃይል አስተዳደሩ ግን ከጠበቅሁት በላይ ሆነ። የኤልኤክስኪውቲ የኃይል ማስተካከያ አጭር ነው፤ ክዳኑ ሲዘጋ ምን ይሁን፣ ባትሪው ከስንት በመቶ ሲወርድ ምን ይሁን፣ ማስጠንቀቂያው ስንት ሰከንድ አስቀድሞ ይምጣ ብሎ ይጠይቃል። ባትሪው አሮጌ ስለሆነና ከ20 በመቶ በታች በድንገት ስለሚወድቅ፣ 25 በመቶ ላይ ሲደርስ በራም ያለውን ወደ ዲስክ ጽፎ እንዲጠፋ አደረግሁት። በኅዳር ወር መብራት ሦስት ጊዜ ከሰዓት በላይ ሲጠፋ አንድም የተተየበ ገጽ አልጠፋም።

ዌይላንድ የተባለው አዲሱ የመስኮት ሥርዓት በ2.1 ውስጥ በአማራጭነት አለ። ለአንድ ቅዳሜ ሞከርኩት፤ የአማርኛ ግቤቱ እንደገና መገጣጠም ስላስፈለገው ወደ ኤክስ ተመለስኩ። ለሱቅ የሚሆነው የሚሠራው ነው።

ፍላሹ

ሙከራው በሱቁ ፊት የተፈረደው በዚህ ነው። የሾርትከት ቫይረስ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው፤ በሊኑክስ ላይ ምንም ሥልጣን የሌለው ተራ ፋይል ነው። ከዚህ በላይ ያላሰብኩት ነገር ተከተለ። ቫይረሱ የደንበኛውን ፋይሎች አይሰርዝም፤ «ድብቅ» የሚል የዊንዶውስ ምልክት ይለጥፍባቸዋል፣ አንዳንዴም ስም አልባ በሚመስል ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል። ሊኑክስ አንድን ፋይል ድብቅ የሚለው ስሙ በነጥብ ሲጀምር ስለሆነ ያንን ምልክት አይቆጥረውም። ስለዚህ ፒሲማንኤፍኤም-ኪውቲ የተባለው የኤልኤክስኪውቲ ፋይል ማሳያ ፍላሹን ሲከፍት ጠፉ የተባሉት ሰነዶች ሁሉ ከነስማቸው ተደርድረው ይታያሉ። የመጀመሪያው ደንበኛ የመመረቂያ ጽሑፉ ጠፍቶበት የመጣ ወጣት ነበር፤ ስክሪኑን ሲያይ ያደረገውን ደስታ አክስቴ እስካሁን ያወራሉ። ከዚያ ወዲህ አጎራባች ሱቆች «ወደዚያኛው ላፕቶፕ ውሰደው» እያሉ ሰው መላክ ጀመሩ፤ አክስቴም ለዚህ አገልግሎት ዋጋ አወጡለት።

አንድ ጉዳት ግን አድርሰናል፤ መደበቅ አይገባም። ሊኑክስ ወደ ፍላሽ የሚጽፈውን ለጊዜው በራም ውስጥ ያቆየዋል፤ መስኮቱ «ተቀድቷል» ቢልም ጽሕፈቱ ገና ሊሆን ይችላል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የቸኮለ ደንበኛ ፍላሹን ራሱ ነቅሎ ሄደ፤ ችሎት ደርሶ ሲከፍተው ፋይሉ ባዶ ነው። ተመልሶ የመጣው ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ነበር። አክስቴ ገንዘቡን መልሰው በነፃ አተሙለት። ከዚያ ቀን በኋላ የፓነሉን የተነቃይ ዲስክ አዶ ትልቅ አድርገን ከሰዓቱ አጠገብ አስቀመጥን፤ ታይፒስቷ አዶውን ተጭና «ተነሥቷል» የሚለውን ሳታይ ደንበኛ እጁን ወደ ፍላሹ እንዳይሰድ የሚል ወረቀትም በኮምፒውተሩ ላይ ተለጠፈ።

ሰዓቱ

ትንሽ ነገር ነው፤ ግን አክስቴ ላፕቶፑን የእኔ ያሉት ከዚህ በኋላ ስለሆነ እጽፈዋለሁ። የኤልኤክስኪውቲ ሰዓት የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ደንበኛ «ስምንት ሰዓት ቀጠሮ አለኝ» ሲል ማዕዘኑ ላይ 2 ይላል፣ አክስቴ በዚህ ይበሳጫሉ። የፓነሉ የዓለም ሰዓት ግን ከኮምፒውተሩ የተለየ የሰዓት ሰቅ እንዲያሳይና የፈለጉትን ስም እንዲይዝ ይፈቅዳል። የእኛ አቆጣጠር ከመደበኛው ስድስት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ወደኋላ ያለው ቦታ ደግሞ ቦነስ አይረስ ስለሆነ፣ ሰዓቱን ቦነስ አይረስ አድርጌ ስሙን «ልደታ» አልኩት፤ ጠዋትና ማታ የሚለውን ምልክት አወጣሁ። የኮምፒውተሩ ትክክለኛ ሰቅ አዲስ አበባ ሆኖ ስለሚቆይ የፋይሎቹ ቀን አይዛባም። ቀኑን ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት አልቻልኩም፤ ግድግዳው ላይ ካለንደር አለ።

የደረስንበት

በታኅሣሥ መጨረሻ ሦስታችን ተቀምጠን ወሰንን። ላፕቶፑ በኤልኤክስኪውቲ ይቀጥላል። ደቢያን 13 መደበኛ ድጋፉ እስከ እ.ኤ.አ. 2028፣ የተራዘመው ደግሞ እስከ 2030 ስለሚቆይ የላፕቶፑ ማጠፊያ ቀድሞ የሚሰበር ይመስለኛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የዴስክቶፑ እትም ከ2.1 አይለወጥም፤ የሚመጣው የደኅንነትና የከባድ ስሕተት ጥገና ብቻ ነው። አዲስ ነገር ለሚወድ ሰው ይህ ያሰለቻል፤ ለጽሕፈት ሱቅ ግን አንድ ቀን ጠዋት ሜኑው ቦታ ቀይሮ አለመገኘቱ ዋጋ አለው።

ኤልኤክስኪውቲን ለሌላ ሱቅ እመክራለሁ ወይ ብባል መልሴ ሱቁ በአቅራቢያው ማን እንዳለው ይወሰናል። ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ያለ እኔ ለሁለት ወር ተኩል ያህል ሠርቷል፤ ዝግጅቱን ግን አክስቴም ታይፒስቷም ብቻቸውን አይጨርሱትም ነበር። አማርኛ ለመተየብ ብቻ የሚሆን ማሽን፣ 8 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ረዳት የሌለው ሰው እጅ የሚገባ ከሆነ አይባስ አብሮት የተሰፋውን ግኖምን እመርጥለታለሁ፤ ክብደቱ ረዳት ከመፈለግ ይቀልለዋል። 4 ጊጋባይት ላይ ለቆመና ወንድም ወይም የእኅት ልጅ ላለው ግን ይህ ዴስክቶፕ ይበቃዋል።

የቀረው የቆየው ማኅደር ነው። ታይፒስቷ ደንበኛ በማይኖርበት ከሰዓት በባለ ሳጥኑ ኮምፒውተር ላይ አንድ የድሮ ውል ትከፍታለች፣ ታትማዋለች፣ ከዚያ ወረቀቱን አጠገቧ አድርጋ በላፕቶፑ ላይ በዩኒኮድ እንደገና ትተይበዋለች። በቀን አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ይደርሳል። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ የቤት ኪራይና የመኪና ሽያጭ ውሎችን ጨርሳ ወደ ውክልናዎቹ ገብታለች።